የአባቴ ኮርሳና አንድ «ኸላስ»

የማስቲሽ ሽታ ዛሬም ያስቆመኛል። አሁን በምኖርበት በመካ፣ ኩዳይ፣ ከቤታችን ሥር አንድ ጫማ ጠጋኝ አለ፤ ጣሳውን በከፈተ ቁጥር ያ አፍንጫ የሚሰረስር ሽታ ደረጃውን ይዞ ይወጣና፣ ቢስሚላህ ብዬ ወጥ ልጥድ ስል ጂዳ፣ ሩዋይስ፣ የልጅነት ቤታችን ደጃፍ ላይ ወስዶ ያስቀምጠኛል። እዚያ አባቴ የሳይክል ጎማ ካላማዳሪ በባልዲ ውሃ እየነከረ የተነፈሰበትን ቀዳዳ ይፈልግ ነበር፤ እኔም አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ፣ አረፋውን ቀድሜ ካየሁ «አየሁት!» ብዬ እጮህ ነበር።

አባቴ ሰይድ ሳይክል መጠገን የተማረው አገሩ ኮምቦልቻ ነው። ከእናቴ ጋር እኔን በአራት ዓመቴ ይዘውኝ ጂዳ ከገቡ በኋላም ጎረቤቱ ሁሉ የዕቃውን ስም በዐረብኛ ሲጠራ፣ እሱ ግን ቸርኬ፣ ራጂ፣ ካቴና ማለቱን አልተወም። ኮርሳውን ያገኘው ከአንድ ትልቅ ግቢ በር ላይ ተጥሎ ነው። ኮርሳ የምንለው ያን ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠማዘዘ የእሽቅድምድም ሳይክል ነው። ውድ አልነበረም፤ በዘመኑ ለጀማሪ የሚሸጥ፣ ጎማው የሚገጠምበት ክብ ቸርኬው ሳይቀር ብረት የሆነ፣ ከኔ ዕድሜ በላይ የቆየ ነገር ነበር። አባቴ ግን ዝገቱን ፍቆ፣ ራጂውን፣ የቸርኬውን ቀጫጭን ሽቦዎች፣ አንድ በአንድ ወጥሮ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቶ፣ በአንድ ወር ውስጥ አስነሣው።

ክረምት ሆኖ የጂዳ አየር ሲለዝብ፣ ከዐስር፣ ከማምሻው ሶላት በኋላ በላይኛው ብረት ላይ ፎጣ አጥፎ ያስቀምጠኝና ወደ ባሕሩ ዳር እንወርድ ነበር። ሲነሣ ከባድ ነበር፤ አባቴ ከኮርቻው ተነሥቶ ሁለት ሦስት ጊዜ በክብደቱ ይረግጠው ነበር። አንዴ ከሄደ ግን ብረቱ የአስፋልቱን ጉርብጥብጥ እየዋጠ፣ መሪው ሳይወላገድ፣ በተዘረጋ ገመድ ላይ የሚንሸራተት ይመስል ነበር። ፍሬኑ ግን ደካማ ነበር፤ በተለይ ቸርኬው ሲረጥብ የፍሬኑ ጎማ ይጮኻል እንጂ ሳይክሉን አያቆምም። ስለዚህ አባቴ «ሐዩ፣ ፍሬን ሳትፈልጊው በፊት ነው የሚያዘው» ይለኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጠንቃቃ ነሽ የሚሉኝ ሁሉ ይህን አያውቁም።

ማርሹ የኔ ሥራ ነበር። ማንሻዋ ከጉልበቴ ሥር በታችኛው ብረት ላይ የተተከለች ትንሽ ጆሮ ነበረች፤ እንደ ዛሬዎቹ ቀጭ ብላ ቦታዋን አትነግርሽም፤ ጥቂት ስትገፊያት ካቴናው ይንገጫገጫል፣ ጥቂት ስትመልሻት ዝም ይላል። ጎንበስ ብዬ ሳያት አባቴ «አትያት፣ ስሚያት!» ይል ነበር፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ፣ ካቴናው ዝም እስኪል በጣቴ እዳብሳት ነበር።

ሙቀቱ ሲመጣ ወሬውም አብሮ መጣ። ከገዛ ከፊሉ፣ ዋስ ሆኖ ካስመጣው አሠሪ ዘንድ የማይሠራ፣ በኢቃማው፣ በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ የተጻፈውን ሥራ የማይሠራ ሁሉ ወረቀቱን ያስተካክል፣ አለዚያ ይያዛል ተባለ። የአባቴ ኢቃማ «የቤት ሾፌር» ይል ነበር፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ግን የካቴና ቅባት ነበር። ለማስተካከያ የተሰጠውን ጊዜ ሙህላ ይሉት ነበር፤ ትልልቆቹ ሰላምታ ሲለዋወጡ እንኳ ከጤና ቀጥለው ስለ ሙህላው ይጠያየቁ ነበር። ረመዳን ሲገባ አባቴ ዋናውን መንገድ ተወ፤ ደረቱ መሪው ላይ እስኪነጠፍ ጎንበስ ብሎ፣ ቀጭኑን ኮርሳ መኪና በማያስገቡት ስርቻዎች እየሾለከ ይሄድ ነበር። እኔን መጫኑንም አቆመ። እናቴ ፋጡማ ኢፍጣር እያቀረበች ጆሮዋ ደጅ ነበር፤ እሱ ካልገባ ቴምሩን አንሥታ መልሳ ታስቀምጠው ነበር።

ጎረቤታችን እቴ ከድጃ ብቻ ነበረች የምታስቀን። እቴ ከድጃ በሦስት ማዳሞች ቤት እየተዘዋወረች የምታጸዳ፣ ምንም ወረቀት የሌላት፣ ምላሷ የማይዝል ሴት ነበረች። በዐረፋ በዓል ጠዋት ኮርሳው ግድግዳ ተደግፎ ስታየው፣

«ሰይዶ፣ ይሄን ቀንዳም በግ ዘንድሮም ሳታርደው?» አለችው።

«ሥጋ የለውም እኮ እቴ ከድጃ፣ አጥንት ብቻ ነው!»

«እንዳንተው በለኛ!»

ሐጅ አልፎ የመካ መንገድ ሲከፈት አባቴ ተስፋ አገኘ። ቀደም ብሎ ዑምራ በሄደ ጊዜ፣ መካ ሚስፈላ ውስጥ፣ ለደካማ ሐጃጆች ተሽከርካሪ ወንበር በሚያከራዩ አንድ ሽማግሌ ሱቅ በር ላይ ጎማው የሚወላገድ ወንበር አይቶ፣ አላስችል ብሎት የራጂ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ እዚያው ቆሞ አቅንቶት ነበር። ሽማግሌው ያን አልረሱም፤ አሁን ከፊል ሆነውት ኢቃማውን በስማቸው ሊያዞሩት፣ በላዩም «ጠጋኝ» ተብሎ ሊጻፍለት ተስማሙ። የቀረው የመጨረሻው ማኅተም ነበር፤ የተቀጠረውም በሙህላው የመጨረሻ ቀን ነበር።

አባቴ ሱብሒ ሰግዶ በኮርሳው ተነሣ። ሰባ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ መንገድ ነው፤ እናቴ ብትለምነውም «በመኪና የኬላው ሰልፍ እስኪያልፍ ቀኑ ይመሻል» ብሎ ሁለት ጠርሙስ ውሃ አስሮ ሄደ።

ከቀትር በኋላ እናቴ ስትሰግድ ስልኳ ጮኸ፤ አነሣሁት። ነፋስ ነው፣ መኪና ነው፣ የአባቴ ድምፅ ተቆራርጦ መጣ።

«ሐዩ፣ ለእማሽ ኢቃማው ኸላስ በያት፣ እኔም—»

ተቋረጠ።

በቤታችን ኸላስ ማለት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሽንኩርት ኸላስ፣ ጋዝ ኸላስ፤ የለም፣ ተሟጠጠ ማለት ነው። እናቴ አሰላምታ ሶላቷን እስክትጨርስ ጠብቄ፣ «እማ፣ አባ ኢቃማው አለቀ አለ» አልኳት። ጭራሽ በአማርኛ ተርጉሜው። እናቴ ከመስገጃዋ አልተነሣችም። መልሳ መላልሳ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነበር።

እቴ ከድጃ መጥታ፣ «ዛሬ በፈቃዱ የወጣ በሰላም ይሸኛል፤ ነገ የተያዘ እስር ነው። እኔ ሻንጣዬን አስሬያለሁ» አለች።

እናቴ ብዙ አሰበች። በመጨረሻ፣ «እሱን መንገድ ላይ ይይዙታል። እኛም በፈቃዳችን ሄደን ማቆያው ብንገኝ አብረው ይጭኑናል። ተለያይተን ከምንቀር…» ብላ ልብሳችንን በአንሶላ ጠቀለለች። ሲሸኝ አሻራ የሰጠ ሰው ወደዚህ አገር ተመልሶ እንደማይገባ ታውቅ ነበር፤ እኔም ከእቴ ከድጃ አፍ ሰምቼ አውቅ ነበር። ያወቅሁትን ሁሉ ይዤ፣ የእናቴን ዐባያ ጫፍ ጨብጬ ወጣሁ።

እንሄዳለን የሚሉ ሰዎች ከነሻንጣቸው በዋናው መንገድ ዳር ተሰልፈው ወደ ማቆያው የሚወስዳቸውን አውቶቡስ ይጠብቁ ነበር። ጸሐዩ ወደ ባሕሩ አዘንብሎ ነበር። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፤ ሰልፉ ተነቃነቀ፤ እናቴ ጥቅሉን አንሥታ ልታቀብል ስትል፣ እኔ ከመኪናዎቹ መሐል አንድ ሳይክል አየሁ። በዋናው መንገድ፣ ያውም መሐል ለመሐል፣ ጀርባውን አቅንቶ፣ እጆቹን ከመሪው የላይኛው ብረት ላይ አሳርፎ፣ በአንድ እጁ ፊቱን እየጠረገ ተዝናንቶ የሚመጣ ሰው። መጀመሪያ አባቴ አልመሰለኝም። ለወራት እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲነዳ አላየሁትም ነበር።

«እማ፣ አባ ነው! እማ፣ አልጎነበሰም!»

እናቴ ዞራ አየችው። ጥቅሉ ከእጇ ወደቀ።

አባቴ ደርሶ ወረደ፤ ከባሕር የሚነፍሰው ነፋስ ከመካ ጀምሮ ፊት ለፊት ሲገፋው ነበር የዋለ። እኛንም ጥቅሉንም አየ።

«የት ልትሄዱ ነው ፋጤ?»

«ኢቃማው አለቀ አልክ!»

«ኸላስ ነው ያልኩት! ኸላስ፣ ተጨረሰ፣ ማኅተሙ ተመታ! ባትሪዬ ሞቶብኝ እንጂ…» ከሸሚዙ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ።

እናቴ ጥቅሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» እያለች ትስቅም ታለቅስም ጀመር። እኔ አንድ ቃል በመተርጎሜ ቤተሰቤን ላስጭን እንደነበር ሲገባኝ፣ ከኮርሳው ኋላ ተደበቅሁ። አባቴ ግን ጎትቶ አወጣኝና ግንባሬን ሳመኝ፤ ጢሙ ጨው ጨው ይል ነበር።

እቴ ከድጃ አውቶቡሱ ላይ ወጥታ ነበር። በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፣ «ፋጡማ! ሁለተኛ ለዚች አስተርጓሚ ስልክ እንዳትሰጫት!» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። አውቶቡሱም ሄደ። ደስታችን ከሷ ጋር ትንሽ ጎድሎ ነው ወደ ቤት የገባው።

ወደ መካ ተዛውረን ሚስፈላ ዓመታት ከኖርን በኋላ፣ አባቴና እናቴ በራሳቸው ጊዜ፣ ቲኬት ቆርጠው፣ ተሰናብተው ኮምቦልቻ ገቡ። አባቴ ኮርሳውን ለአንድ የመናዊ ሰጠው። እኔ አግብቼ እዚሁ ቀረሁ። አንዳንድ ጊዜ ጂዳ ስንሄድ ባሕሩ ዳር ለስፖርት የሚነዱ ሰዎች አያለሁ፤ ሳይክላቸው በአንድ እጅ የሚነሣ፣ ፍሬኑ በጣት ንክኪ የሚይዝ ነው፤ ልጃገረዶችም ይነዳሉ፣ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። የኛ ይሻል ነበር አልልም፤ ከባድ ነበር፣ እጅ ያደነዝዝ ነበር።

ባለቤቴ ከሥራ ሲዘገይ እኔም እንደ እናቴ መስኮት ላይ እቆማለሁ። የምፈራው ግን የመኪና መጨናነቅን ብቻ ነው። ዘግይቶ ይገባና «መንገዱ ተዘጋግቶ» ይለኛል፤ እኔም አሏህ ከዚህ የሚበልጥ ፍርሃት ስላልሰጠኝ በልቤ አመስግኜው፣ የቀዘቀዘውን ወጥ ላሞቅለት እገባለሁ።