የሠርጉ በረዶና ሦስተኛዋ ካንዴላ

ጅቡቲ ከተማ ጋራዥ ለሥራ የገባሁ ቀን የጋራዡ አለቃ ጋሽ በየነ መፍቻ አልሰጡኝም። ገና ከመንገድ የገባች የቤንዚን መኪና ኮፈን ከፍተው፣ "እጅሽን ቴስታታው ላይ አሳርፊ" አሉኝ። ቴስታታ የሞተሩ ክዳን ነው፤ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች የሚታሰሩት እሱ ላይ ነው። አሳረፍኩ። "አሁን አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ" አሉ። "ትምጻእ መንግሥትከ" ላይ ስደርስ እጄን መንጭቄ አነሣሁ።

"አልበረደም ማለት ነው" አሉ። "አሜን እስክትዪ እጅሽ ከቻለ ካንዴላውን ፍቺ። ካልቻለ ተቀምጠሽ ጠብቂ።"

የመጀመሪያ ቀኔ በመቀመጥ አለቀ። ማታ አባቴ ምን እንደተማርኩ ሲጠይቀኝ "መጸለይ" አልኩት። እሱ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ጋሽ በየነን ከአሮጌው ጣቢያ ወርክሾፕ ጀምሮ ያውቃቸዋል። ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ።

ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ ካንዴላዋ ብረት። በትኩሱ በጉልበት ከተፈታች የተጠመዘዘችበትን የአሉሚኒየም ጥርስ ልጣ ይዛ ትወጣለች። ያኔ ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ መኪናዋም ለቀናት ትቆማለች። የደጋ አገር መካኒክ ምሳውን በልቶ ሲመለስ ሞተሩ በርዶ ይጠብቀዋል። ጅቡቲ ኸምሲን የሚባለው የበረሃ ትኩስ ነፋስ በሚነፍስበት ወር ግን የቆመ መኪናም ያቃጥላል። ስለዚህ እኛ ጋራዥ ካንዴላ የሚቀየርላት መኪና አድራ ጎህ ሲቀድ ነው የምትነካው።

ረዳት ሆንኩ፣ መካኒክ ሆንኩ፣ ጋሽ በየነን ሲደክማቸው ሼፍ፣ ማለትም የጋራዡ አለቃ፣ ሆንኩ። ሼፍነቱን ለቀቁልኝ እንጂ ወንበራቸውን አልለቀቁም። ዛሬም በር ላይ ተቀምጠው የማያዙት ነገር የለም።

ከደንበኞቻችን የምወደው ሮብሌን ነው። እኩያዬ ነው፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ካሚዮኖች በሚቆሙበት ፔካ 12 ለሹፌሮች ውኃ ያመላልሳል። ሶማሌ ነው፣ አማርኛውን ግን ከኢትዮጵያ ሹፌሮች ስለተማረ ግማሹ ስድብ ነው። ሰው ሁሉ በናፍጣ ሲነዳ እሱ አንዲት አሮጊት የቤንዚን ፒክአፕ ላይ ሙጥኝ ብሏል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ሞልቶ ወደ ዜሮ ከተመለሰ ቆይቷል። ዕድሜዋን ትደብቃለች እያለ ይቀልድባታል።

ሴት ልጁ ዛህራ የተወለደችው እዚያች ፒክአፕ ጋቢና ውስጥ ነው። እናቷ ሐኪም ቤት ሳትደርስ ምጡ መንገድ ላይ ቀደማት። ልጅቷ ይህን እየሰማች ስላደገች፣ "ተወልጄባታለሁ፤ የምዳረውም በእሷ ነው" ብላ ማለች። የሙሽራው ወገን ነጭ መኪና ሊከራይ ቢለምንም አሻፈረኝ አለች።

ካቻምና በሠርጓ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሮብሌ ፒክአፗን እያንገጫገጨ ካርቲየ 4 ሠፈር ወዳለው ጋራዣችን ገባ። ከጠዋት ጀምሮ የሠርግ ወንበር ሲያመላልስባት ነበር።

"ሼፍ፣ ታነክሳለች" አለኝ።

"ከአራቱ ሲሊንደር በሦስቱ ነው የምትሄደው። ካንዴላ የተቀየረላት መቼ ነው?"

"ዛህራ ትምህርት ቤት ስትገባ።"

"አንደኛ ደረጃ ወይስ ሁለተኛ?"

"እሱን እንኳ እንጃ።"

"ትደር" አልኩት።

"ከአስር ሶላት በኋላ ሙሽራ ልታወጣ ነው፤ የት ነው የምታድረው? ፍቺያት በቃ።"

እጁን ቴስታታው ላይ አስደግፌ እምነቱ የሚያዘውን ድገም አልኩት። ጥርሱን ነክሶ ፋቲሓን ጨረሰና "አሚን፣ በርዷል" አለ። መዳፉ በርበሬ መስሏል።

ጋሽ በየነ ከበር ሆነው፣ "የአንተ አጭር ናት፤ ሁለቴ በል" አሉት። ሁለተኛዋን አልጨረሰም።

ልቤ ፈራ። ካነከሰች ሠርጉ መሀል መንገድ ላይ ልትቆም ትችላለች። በትኩሱ ነክቼ ጥርሷን ብልጠው ደግሞ ጭራሽ አትነሣም። የልጅቷ መሐላ በእጄ ላይ ወደቀ።

የጋራዡ ልጆች የሠርጉን ወንበሮች ከኋላ ሲያወርዱ ከሥራቸው በጆንያ የተጠቀለለ በረዶ ተደርድሮ አየሁ። ለለስላሳው የተገዛ ነው። እኔ በረዶውን አየሁ፣ ሮብሌ እኔን አየኝ።

"አይሆንም" አለ። "ሚስቴ ታርደኛለች።"

"ሙሽራዋን ጠይቃት።"

ደውሎ ነገራትና ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገው። ዛህራ አላመነታችም። "አባ፣ ለስላሳው ይሙቅ፤ መኪናዋ ትምጣ" አለች። ጋሽ በየነ አጨበጨቡ።

ፒክአፗን ጥላ ውስጥ ገፍተን አስገባን። በረዶውን በሳፋ በሳፋ አድርገን ከሞተሩ ፊት ደረደርን፤ ከኋላው ቬንቲላተር፣ የነፋስ ማራገቢያ፣ ተከልን። በረዶው ሞተሩን እንዲነካ አልፈቀድኩም፤ ትኩስ ብረት በድንገት ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ቀዝቃዛ ነፋስ ብቻ ነው የላክንበት። ሮብሌ መሀል ገብቶ ሸሚዙን ከፍቶ ሲቆም፣ "ዞር በል፣ ነፋሱ ለሞተሩ ነው" ብዬ አባረርኩት።

በረዶው ውኃ ሆኖ ሊያልቅ ሲል እጄን አሳረፍኩ። ትምጻእ መንግሥትከን አለፍኩ። ቀስ ብዬ፣ ሳልሸራርፍ፣ አሜን ድረስ ደገምኩት።

የፔካ 12 አሸዋ ወደ ሲሊንደሩ እንዳይገባ ዙሪያውን በኮምፕረሰር አስነፋሁ። የካንዴላዎቹን የኤሌክትሪክ ካቦዎች ቁጥር ለጥፌባቸው ከጫፋቸው ይዤ ነቀልኩ። አንደኛዋ፣ ሁለተኛዋና አራተኛዋ ካንዴላ በሰላም ወጡ። ሦስተኛዋ ትንሽ ዞራ ሲጥ አለች።

ቆምኩ። ሲጥታ ጥርሱ እየተበላ ነው ማለት ነው።

"ግፊያት" አለ ሮብሌ።

"ዝም በል።"

ዘይት ጠብ አድርጌ ጠበቅኩ። መልሼ አጠበቅኳት፣ ጥቂት ፈታኋት፣ እንደገና አጠበቅኳት። ሲጥታው እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ መፍቻው ውስጥ ስትላላ ተሰማኝና በጣቴ አወጣኋት። ጫፏ አልቆ ጉቶ ሆኗል፣ የቴስታታው ጥርስ ግን ጤነኛ ነው። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

የአዲሶቹን ካንዴላዎች የጫፍ ክፍተት ለክቼ መጀመሪያ በእጅ አስገባኋቸው፤ መፍቻ የነካቸው በመጨረሻ ነው። ሮብሌ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ያለ ምንም መንገጫገጭ ተነሣ። ሮብሌ ወርዶ ኮፈኑን ሳመ፣ ከንፈሩንም ዘይት ነካው።

አመሻሹ ላይ የሠርጉ መኪኖች ጡሩንባ እየነፉ በጋራዣችን በር አለፉ። ፒክአፗ ከፊት ነበረች። ዛህራ ሂና ያጌጠ እጇን በመስኮት አውጥታ አወዛወዘችልን። ጋሽ በየነ ለማንም ከማይነሡበት ወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ።

ሠርጉ ቤት ስደርስ የዛህራ እናት አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከፍታ ሰጠችኝ። ጠርሙሱ ሻይ የተቀዳበት ይመስላል። "በረዶዬን ያጠጣሻት አንቺ ነሽ አይደል? እንግዲህ ጠጪ" አለችኝ። ፊቴ ቆማ እስክጨርስ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ አቅፋ ሳመችኝ።

ካንዴላ የሚፈታው ከቀዝቃዛ ሞተር ነው። ጊዜ ካለ ይጠበቃል፤ ጊዜ ከሌለ ቅዝቃዜው ይመጣለታል። ጉልበት ግን በሁለቱም ውስጥ ቦታ የለውም።