«ኢም» ከፊት ሲመጣ

ካሣዬ በሰው አገር፣ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ በሚባል ሰፈር ውስጥ የመኪና ጎማ ይጠግናል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁን ኤዶምን ያሳደጋት ብቻውን ነው። የትምህርት ቤት ወረቀት በመጣ ቁጥር ለጎረቤት ማስነበቡ ስለሚያሳፍረው፣ በአርባ ሰባት ዓመቱ እሁድ እሁድ እንግሊዝኛ መማር ጀመረ።

አስተማሪው ዮፍታሔ የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። አንድ እሁድ የሰው ጠባይ የሚገለጽባቸውን ቃላት ከነተቃራኒያቸው አስተማረ። ፖላይት ጨዋ፣ ኢምፖላይት ባለጌ። ፕሮፐር የተገባ፣ ኢምፕሮፐር ያልተገባ።

«ኢም ከፊት ከመጣ ነገሩ ተበላሸ ማለት ነው?» አለ ካሣዬ።

«አብዛኛውን ጊዜ፣ አዎ።»

ካሣዬ ደብተሩ ላይ «ኢም፦ መጥፎ» ብሎ ጻፈና ሁለቴ አሰመረበት። «አብዛኛውን ጊዜ» የሚለውን አልጻፈም።

በዚያው ሰሞን የኤዶም ካርድ መጣ። ውጤቱን ዘለለና የክፍል ኃላፊዋ ስለ ጠባይዋ የጻፈችውን ፊደል በፊደል አነበበ። ኢምፔከብል ይላል። ቃሉን ሰምቶት አያውቅም፤ መነሻውን ግን ያውቀዋል።

«ምን አድርገሽ ነው?»

«ምንም! አባዬ፣ ጥሩ ቃል እኮ ነው። እንከን የላትም ማለት ነው።»

«እንግሊዝኛ አያውቅም ብለሽ ታታልይኛለሽ?»

እጁን አንስቶባት የማያውቅ ሰው በጥፊ መታት። አፍንጫዋ ደማ። አላለቀሰችም። በማግስቱ ልብሷን ሰብስባ ፖርት ቤል አጠገብ ወደምትኖረው አክስቷ ወደ ወርቅውሃ ሄደች።

እሁድ ካሣዬ ካርዱን ለዮፍታሔ አሳየው። ዮፍታሔ አነበበና ፊቱ በራ። «እንኳን ደስ ያለዎት! ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይጻፍም።»

«ኢም አለበት እኮ» አለ ካሣዬ።

ትምህርቱን ጥሎ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ተፈናጠጠና ፖርት ቤል ሄደ። ኤዶም በሩ ላይ ቆማ ሰማችው።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ቃሉን አላወቅሁትም።»

«ቃሉንስ እኔ ነግሬህ ነበር» አለችው። «አላመንከኝም።»

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። ኤዶም ማኬሬሬ ገብታለች። ለበዓል ትመጣለች፤ ምግቡን ታቀርባለች፣ ዕቃውን ታጥባለች። ድሮ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ «አንተ» የምትለው ልጅ አሁን «እርስዎ» ትለዋለች። ባለፈው ፋሲካ «ዛሬ እንኳ እደሪ» ብሎ ለመናት።

«ፈተና አለብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው።

ታክሲ እስክትሳፈር አብሯት ቆመ። ስትሄድ እጁን አውለበለበላት፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ ሾፌሩ አዙራ ነበር።