አራት ጠጠር ላይ የቆመችው መኪና

በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ለምታውቋቸው ሁሉ፤ የትናንሽ መኪናዎቹ ሠሪ ጋሽ ዘርጋው አርፈዋል። ያረፉት ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ቁርሳቸውን በልተው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ ወደ ሥራ ሊወጡ መነጽራቸውን ሲፈልጉ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ መነጽሩን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንስተው ዞር ሲሉ፣ ጋሽ ዘርጋው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሄደዋል። ረቡዕ ቀብረናቸዋል።

እኔ ገነት እባላለሁ፤ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ዣንጥላ ዘርግቼ በኮምፒውተር ማመልከቻ የምጽፍ ሴት ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጋሽ ዘርጋው ጠረጴዛ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ነበር። እንጀራዬ የሰው አቤቱታ ነው፤ «አመልካች»፣ «ተጠሪ»፣ «ስለዚህ የተከበረው ፍርድ ቤት» እያልኩ የኖርኩ ነኝ። ያለ አመልካችና ያለ ተጠሪ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ቋንቋዬ ቢደርቅባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። በዚያ ላይ ሳላውቅ የበደልኳቸው ነገር አለ። እሱን ሳልናገር ይህን ወረቀት አልዘጋውም።

ጋሽ ዘርጋው ባትላሜራ ነበሩ። ከሜክሲኮ አደባባይ በታች በነበረ አንድ ጋራዥ ውስጥ የተጋጩ መኪኖችን ላሜራ እየቀጠቀጡ ሲያቃኑ አርባ ዓመት ያህል ኖረዋል። ጋራዡ ሲፈርስ ወገባቸውም አብሮ እምቢ አለ። ቤት መዋል ግን አልሆነላቸውም። አንድ ሰኞ ጠዋት ትንሽ ጠረጴዛ፣ መዶሻ፣ የቆርቆሮ መቀስና አንድ ጆንያ ባዶ ጣሳ አስጭነው መጡና፣ «ልጄ፣ ከዣንጥላሽ የተረፈ ጥላ አለሽ?» አሉኝ። ጥላ ይተርፋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጠጋ አልኩላቸው።

ከዘይትና ከሳልሳ ጣሳ የሚሠሯቸውን መኪኖች «መጫወቻ» ያለ ሰው ካለ ፊታቸው ይለወጥ ነበር። የሚሠሩት አንድ ሰው በእርግጥ የነዳትን አንዲት መኪና ነው፤ ርዝመቷ ከመዳፍ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ደንበኛውን ፊት ለፊታቸው ያስቀምጡና እንደ ዳኛ ይጠይቁታል። የትኛው በር ነው አልዘጋ የሚለው? የትኛው መብራት ነው የተሰነጠቀው? መስታወቱ ላይ ምን ተንጠልጥሎ ነበር? እኔ ከጎን ማመልከቻ እየጻፍኩ እሰማለሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ የሳቸው ምርመራ ከኔ የተሻለ ነበር። በመጨረሻ ለሁሉም የሚያቀርቧት አንዲት ጥያቄ ነበረቻቸው።

«የሚታይ ነው ወይስ የሚገፋ?»

የሚታይ ከሆነ ጎማው ከቆርኪ ይሠራና በስታኞ ይበየዳል፤ አይዞርም። የሚገፋ ከሆነ ግን ሌላ ሥራ ነው። አንድ የቶርኖ ቤት ወዳጃቸው የጎማውን ቸርኬ ከናስ ይቆርጥላቸዋል፤ በላዩ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ያለብሱታል፤ እንዲህ ያለችው መኪና ጣት ሲነካት ትሮጣለች። አብዛኛው ሰው «የሚታይ» ይላል። ጋሽ ዘርጋው ይህን መልስ አይወዱትም ነበር፤ ነገር ግን አይከራከሩም።

ቀለም ሲቀቡ ማየት ደስ ይል ነበር። የከተማው ባቡር በላያችን ባለው ድልድይ ሲያልፍ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ብሩሻቸውን አየር ላይ ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። ባቡሩ ወደ ሜክሲኮ ሲርቅ አንዲት መስመር ይስባሉ። አንዳንዴ በዚያው ቅጽበት የኔ ባለጉዳይ «እንደው መቼ ይጨርሳሉ?» ሲላቸው፣ «ባቡሩን ጠይቀው» ይሉታል።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር ያሠሯትን ሊወስዱ መጡ። አገላብጠው አዩዋትና፣ «ዘርጋው፣ ይቺን ከጎማዋ በላይ ፓራፋንጎዋ ላይ ያለችውን ስርጉድ አውጣልኝና አዲስ አስመስላት» አሏቸው።

«ማን ነው የመታት?»

«እኔው ነኛ፤ ድልድይ ላይ። የመጀመሪያዋ ልጄ ተወለደች ብለውኝ ስበር።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ስርጉድ ሳወጣ ኖሬያለሁ» አሉ ጋሽ ዘርጋው። «ይቺን ግን አላወጣም።»

ሹፌሩ ትንሿን ጣታቸውን ስርጉዷ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ መኪናዋን እንዳለች በጋዜጣ ጠቅልለው ሄዱ።

ጋሽ ዘርጋው የራሳቸው መኪና ኖሯቸው አያውቅም። አርባ ዓመት የሰው መኪና ሲያቃኑ ኖረው በታክሲ ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ነገር ግን አርብ አርብ ከሰዓት፣ ፍርድ ቤቱ ጭር ሲል፣ ከቤት በጨርቅ ጠቅልለው የሚያመጧት አንዲት መኪና ነበረች። ከአንድ የድሮ መጽሔት የተቀደደ ፎቶ አላቸው፤ ፎቶው ላይ ያለችው መኪና ጣራዋ ተቆርጦ ዝቅ ያለ፣ ሞተሯ ወደ ውጭ የወጣ፣ የኋላ ጎማዎቿ ትልልቅ፣ የፊቶቹ ትንንሽ ናት። እሷን አይተው የራሳቸውን ጨመሩባት። ብርቱካናማ ቀለም ቀቧት፤ ከፊቷ የእሳት ነበልባል ሳሉባት፤ መቀመጫዋን ከአሮጌ ቦርሳ ቆዳ አለበሱት። ሞተሯ እያንዳንዷ ቧንቧ ሳትቀር ትታያለች።

«ኮፈን የላትም እኮ» አልኳቸው አንድ ጊዜ። «ዝናብ ሲመጣስ?»

«ዝናብ ሲመጣ አልወጣማ።»

«የማን ናት?»

«የኔ። ሰው ሁሉ መኪናዬን እንደነበረች አድርገህ ስጠኝ ይለኛል። ይቺ የትም አልነበረችም። ስለዚህ እንደፈለግኩ አደርጋታለሁ።»

«የምትታይ ናት የምትገፋ?» አልኳቸው፣ በራሳቸው ጥያቄ ላሾፍባቸው ብዬ።

እሳቸው አልሳቁም። «የኔማ የምትገፋ ናት» አሉ። ያን ጊዜ ገና ጎማ አልነበራትም፤ የቶርኖ ቤት ወዳጃቸው እስኪቆርጥላቸው ይጠብቁ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ከአምስት ዓመት በፊት እናቴ ማስታወስ እየተሳናት መጣች። አባቴ የውይይት ሹፌር ነበር፤ ውይይት ማለት ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ የሚሄድበት የድሮው ታክሲ ነው። ከልደታ መርካቶ፣ ከመርካቶ ልደታ ሲመላለስ ኖሮ ከሞተ ቆይቷል። እናቴ ግን በየቀኑ፣ «አባትሽ ገባ?» ትለኝ ጀመር። ሞቷል ካልኳት እንደ አዲስ መርዶ ታለቅሳለች። አልገባም ካልኳት ደግሞ እስኪመሽ በሩን ታያለች። ሁለቱም እየከበደኝ ሲሄድ ለጋሽ ዘርጋው ነገርኳቸው። መኪናውን ብታየው ትጽናና እንደሆነ ብዬ፣ የአባቴን ውይይት እንዲሠሩልኝ ለመንኳቸው።

እንደማንኛውም ደንበኛ አስቀምጠው መረመሩኝ። ቀለሙን፣ ሸራውን፣ አባቴ ሰው አብዝቶ መጫኑን፣ ረዳቱ የሚንጠለጠልበትን ብረት ሳይቀር ነገርኳቸው። በመጨረሻ ያው ጥያቄ መጣ።

«የሚታይ ነው» አልኩ። ለታመመ ሰው ማየት ይበቃል ብዬ ነው።

«እናትሽ ይገፏታል» አሉ። ወር የሚፈጀውን ሥራ በዘጠኝ ቀን ጨርሰው ሰጡኝ።

ሳያት አለቀስኩ። እንባዬን ጠርጌ ስጨርስ ግን የጸሐፊ ዓይኔ ስህተት አገኘ፤ የኋላ ጎማዎቿ ከፊቶቹ በጣም ይበልጣሉ። «ጋሽ ዘርጋው፣ የአባቴ መኪና ጎማ እንዲህ አልነበረም። ይሄ ልክ አይደለም» አልኳቸው። እኚያ የበር ጭረት እንኳ የማይስቱ ሰው ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉና፣ «አባትሽ ሰው ያበዛ ነበር ብለሽኛል። ከኋላ ከፍ ካላደረግኳት ትሰምጣለች» አሉኝ። ሳቅሁ፤ ወሰድኳት።

እናቴ መኪናዋን እግሯ ላይ አስቀምጣ ዙሪያዋን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ብርድ ልብሱ ላይ ወደ ትራሷ ገፋቻት። እነዚያ ትልልቅ የኋላ ጎማዎች የብርድ ልብሱን እጥፋት ወጡት። ትራሱ ጋ ስትደርስ እናቴ፣ «ገባ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አባትሽ ገባ?» ስትለኝ መኪናዋን አቀብላታለሁ፤ እሷው ገፍታ፣ እሷው «ገባ» ትላለች። ያን ዓመት በሰላም አሳለፈችው። በሚቀጥለው ዓመት ስታርፍ መኪናዋ ትራሷ አጠገብ ነበረች።

ይህን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። «ጥሩ ነው» ብቻ አሉ። እኔ ግን ምላሴ አያርፍም። ለመጣ ደንበኛ ሁሉ፣ «ጋሽ ዘርጋው በዕድሜያቸው የተሳሳቱት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም በኔ መኪና ጎማ» እያልኩ አምስት ዓመት ሙሉ ሳሾፍባቸው ኖርኩ። አንገታቸውን ደፍተው ይሞርዳሉ። የአርቧን መኪና ማምጣትም ትተው ነበር። «ምን ሆነች?» ስላቸው፣ «ቆማለች» አሉኝ። ሰልችተዋት መሰለኝ።

በሰልስቱ ዕለት ለቅሶ ልደርስ ወደ ቤታቸው፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወጣሁ። እትዬ አስካለ ከቴሌቪዥኑ በላይ ካለው መደርደሪያ ብርቱካናማዋን መኪና አውርደው ጭኔ ላይ አስቀመጧት። ከሥሯ አራት ጠጠሮች ነበሩ፤ እነሱንም ለብቻ መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። ጎማ የላትም። በየግቢው በድንጋይ ላይ ለዓመታት ቆመው እንደምናያቸው መኪኖች አቁመዋታል።

«ጎማ ነበራት እኮ» አሉ እትዬ አስካለ። «ያ የቶርኖ ቤቱ ወዳጁ፣ ሰፈራቸው ሊፈርስ ሲል፣ ከመሄዱ በፊት የቆረጠለት የመጨረሻ ሥራ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲገፋት ከረመ። አንድ ቀን ሳይ ጎማ የላትም። የት አደረግካቸው ስለው፣ ‹ሥራ ላይ ናቸው› አለኝ።»

«መቼ ነው?» አልኩ።

«አምስት ዓመት ይሆነዋል። በቆርኪ ሥራላት ብለው እምቢ አለ። ያ ወዳጁ ተመልሶ እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር፤ የት እንደሄደ ግን አላወቀም።»

ሁለት ትልልቅ፣ ሁለት ትንንሽ። ፎቶውን ስንት አርብ አይቼዋለሁ፤ አንድ ቀንም ከአባቴ መኪና ጎማ ጋር አላገናኘሁትም። አፈርኩ። ለእትዬ አስካለ ያን ዕለት መናገር አቃተኝና የቀሩትን ለቀስተኞች ሰበብ አድርጌ ወጣሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የአባቴን ውይይት በነጠላዬ ጠቅልዬ ተመለስኩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳትና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የእናቴን፣ የጎማውን፣ የፌዜን። ስጨርስ እትዬ አስካለ ተነሥተው ትንሽ ቢላ አመጡልኝ። በጫፉ ብሎኖቹን ፈታሁ፤ አራቱን ጎማዎች አንድ በአንድ ወደ ብርቱካናማዋ አዛወርኩ። ልክክ አሉ።

እትዬ አስካለ ወደ ጠረጴዛው ማዶ ሄደው ቆሙ። «ግፊያት» አሉኝ።

በአንድ ጣቴ ነካኋት። ሄደች። ጠረጴዛውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብላ አቋረጠችና እጃቸው ላይ ገባች። ያዟት፤ አላስቀመጧትም።

«ያንቺዋ ጎማ አልባ ቀረች» አሉኝ።

«ትቁም። አባቴ ብዙ ነድቷል።»

«እንግዲያው ድንጋዮቹን ውሰጂ» ብለው አራቱን ጠጠሮች ሰጡኝ።

ማመልከቻ ያለ ጥያቄ አያልቅምና የምጠይቃችሁ አንድ ነገር አለኝ። የጋሽ ዘርጋው መኪና በቤታችሁ ያለች ሁሉ፣ ዛሬ ከመደርደሪያ አውርዷትና ጎማዋን ሞክሩት። የሚዞር ከሆነ አንድ ጊዜ ግፏት።

ጋሽ ዘርጋው፣ ጠረጴዛዎ አሁንም ከአጠገቤ ነው፤ ዣንጥላውንም ወደ እርስዎ በኩል እንዳዘነበለ ትቼዋለሁ። ባቡሩ ሲያልፍ እጄ ሳላዝዘው ከኪቦርዱ ላይ ይነሣና እስኪርቅ ይጠብቃል። አንድም ቀን «ጎማዎቹ የኔ ናቸው» ሳይሉኝ ፌዜን ተሸክመው መኖርዎ ያመኛል፤ ብነግራት ትመልስልኛለች ብለው እንደሆነም አሁን ይገባኛል። አምስት ዓመት በሰው ፊት ያቀረብኩብዎን ክስ ዛሬ በሰው ፊት አንሥቻለሁ። የአባቴ መኪና በጠጠርዎ ላይ አርፋለች፤ የእርስዎ ተነሥታለች። ደህና ይሁኑ፣ ጋሽ ዘርጋው። ጎማው ልክ ነበር።