ቭላርዲንገን ላይ አላውቃቸውም ያልኳቸው ሰው

ይህ የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ እዚህ ሆላንድ የመኖሪያ ፈቃድ ስጠብቅ ነው። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይሄ ግን አልቅሼም ሆነ ተናዝዤ ስላልወጣልኝ ይሆናል፣ አልረሳሁትም።

ዴን ሃግ፣ ላክ ሰፈር፣ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ጋሽ ሃብቶም የሚባሉ ኤርትራዊ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ልጅነታቸውን ምጽዋ ዓሣ ሲያጠምዱ ነው ያሳለፉት፤ አማርኛውን አዲስ አበባ ሲሠሩ ለመዱት። ደችኛ ግን "ዳንክ ዩ ዌል"፣ አመሰግናለሁ ከማለት አላለፈላቸውም። እኔ ትንሽ ትንሽ እሞክር ስለነበር ማዘጋጃ ቤትም ሐኪም ቤትም አስተርጓሚያቸው እኔው ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ቭላርዲንገን የምትባል ከተማ፣ ወንዝ ዳር ይዘውኝ ሄዱ። እሳቸው መንጠቋቸውን ወረወሩ፤ እኔ ከነፋሱ ሸሽቼ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። እስከ ቀትር ሦስት ዓሣ ያዙ።

ያኔ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው መጣ። የመንግሥት የዓሣ ተቆጣጣሪ ነው። የማጥመጃ ፈቃዳቸውን አየ፣ ደህና ነው። ከዚያ ማስመሪያ አውጥቶ ዓሣዎቹን ለካ። ሁለቱ ከተፈቀደው አነሱ። አንዴ እንኳ ሳይራባ የተያዘ ዓሣ ዘሩ ይጠፋል፣ ትንሹን መመለስ አለብህ እያለ በደችኛ ያስረዳቸዋል። ጋሽ ሃብቶም ምኑም አልገባቸውም።

ሲጨርስ ትልቁን ዓሣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ሰጡት። እሳቸው ባደጉበት የባሕር ዳርቻ፣ ዓሣ ሲያዝ የደረሰ ሰው ድርሻ አለው። የሰውየው ፊት ወዲያው ተለወጠ። ጉቦ መሰለው።

ጋሽ ሃብቶም ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ እስቲ አንተ ንገረው" አሉኝ። ተቆጣጣሪውም አየኝና፣ ሰውየውን ታውቀዋለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ግን ላክ ውስጥ፣ ስሙ በጥፋት የተነሳ ሰው ወረቀት አያገኝም ይባል ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ አላውቃቸውም አልኩት።

ጋሽ ሃብቶም ቃሉ ባይገባቸውም ራሴን ግራ ቀኝ ስነቀንቅ አይተዋል። ሰውየው ወደ እኔ እየጠቆመ እሳቸውንም ጠየቃቸው። ትንሽ አዩኝና እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ክስ ተጻፈባቸው፣ መንጠቋቸው ተወሰደ። ሁለቱ ትንንሽ ዓሦች ወደ ውሃው ተመለሱ።

ባቡር ጣቢያ ስደርስ ቀድመውኝ ቆመዋል። የተቆጣጣሪው መኪና ከመንገዱ ማዶ ነበር። ልጠጋቸው ስል ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "እዚያው ሁን" አሉኝ። "መጀመሪያ ወረቀትህ ይምጣ።" ባቡሩ ሲመጣ ሌላ ፉርጎ ገቡ።

ወረቀቱ በዓመቱ መጣ። ጋሽ ሃብቶም እሰይ ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ያን ቀን አንስተውት አያውቁም፤ ዓሣ ለማጥመድም ዳግመኛ አልሄዱም።

ካረፉ ቆዩ። ቀብራቸው ላይ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜ ነበር። አንዲት ደች ጎረቤታቸው ጠጋ ብላ ታውቃቸው ነበር ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ወንዙ ዳር የጠበቁት ይህችኑ ቃል ነበር። ዛሬም ሳስበው እንባ አይመጣልኝም፤ ዝም ብዬ እደነዝዛለሁ።