የኮሻው ዋስትና የሚያበቃበት ሐሙስ

የባንክ ዋስትናው የሚያበቃው ሐሙስ ነበር። እኔ ያወቅሁት ማክሰኞ ነው።

ያን ጊዜ ኦምዱርማን ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የቆሻሻ መጣያ ቦታዎች ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ካርቱም ውስጥ ቆሻሻ የሚደፋበትን ቦታ ኮሻ ነው የምንለው። ኮሻ ለማስተዳደር ከእኛ ጋር የሚዋዋል ድርጅት ሥራ ከመጀመሩ በፊት የባንክ ዋስትና ያስይዛል። ቦታው ሞልቶ ሲዘጋ አፈር እንዲለብስ፣ እንዲታጠር፣ ከሥሩ የሚወጣው ጥቁር ውሃ እንዲገደብ ነው። ድርጅቱ ይህን ራሱ ከሠራ ዋስትናው ይመለስለታል። ጥሎ ከሄደ እኛ ባንኩን ጠይቀን በዚያው ገንዘብ እናሠራዋለን። ግን ዋስትናው በየዓመቱ መታደስ አለበት። ካልታደሰ፣ ቀኑ ከማለፉ በፊት በሙዲራችን፣ በኃላፊያችን ማለት ነው፣ የተፈረመ ጥያቄ ከነዋናው ሰነድ ባንኩ እጅ መግባት አለበት። ቀኑ ካለፈ የሚከፍል የለም።

ይህኛው ኮሻ ሐጅ ዩሱፍ ጫፍ ላይ ነው። እኔና እናቴም የምንኖረው ሐጅ ዩሱፍ ነበር። እናቴ በወጣትነቷ ከጎንደር መጥታ ሱዳናዊ አባቴን አገባች፤ እኔም እዚያው ተወልጄ እዚያው አደግሁ። አባቴ ሲሞት ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም እየሸጠች አስተማረችኝ። ነፋስ ከምሥራቅ በተነሣ ቁጥር የኮሻው ጭስ ጓሯችን ድረስ ይመጣል፤ ልብስ አስጥታ ከሆነ እየተራገመች ትሰበስባለች።

በዚያ ዓመት ድርጅቱ ማሽኖቹን አንድ በአንድ ከኮሻው አወጣ። አፈር ማልበሱን አቆመ። ቆሻሻው ከውስጥ እሳት ይዞ ቀንም ሌትም ይጨስ ጀመር። ለቁጥጥር የሄድኩ ዕለት አንዲት ሴት እጄን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። ጥቁሩ ውሃ የጓሮዋን ግድግዳ ሥር አርሶት ጭቃው እየተፈረፈረ ነበር። "ትጽፋላችሁ፣ ትጽፋላችሁ፣ ከዚያስ?" አለችኝ። ሦስት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ጽፈን ነበር። ለሦስቱም የመጣው መልስ "ኢንሻአላህ በቅርቡ" የሚል ነው።

ማክሰኞ ፋይሉን ስከፍት የእድሳት ወረቀት የለም። ባንኩ ደወልኩ፤ "አልታደሰም" አሉኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ የጥያቄውን ደብዳቤ ጻፍኩ። ባንክ በአንዲት ቃል ልዩነት እንደሚመልስ ስለማውቅ ከዋስትናው ላይ ቃል በቃል ገለበጥኩ። ረቡዕ ጠዋት ሙዲሩ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። እሳቸውም መነጽራቸውን ሳያደርጉ "እስቲ እናየዋለን፣ ያ ቢቲ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ቀትር ላይ የድርጅቱ ወኪል መጣ። ስለ ደብዳቤው ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ልብሱ ንጹሕ፣ ሽቶው ክፍሉን የሚሞላ ሰው ነው። ሳልጋብዘው ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"ያ ኡስታዛ፣ ስለ አንድ ደብዳቤ ሰማሁ" አለ፤ ኡስታዛ የተማረች ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ነው።

"ዛሬ ዋስትናውን ካሳደሳችሁ ደብዳቤው አያስፈልግም።"

"በሚቀጥለው ሳምንት ኢንሻአላህ።"

"በሚቀጥለው ሳምንት የሚታደስ ነገር አይኖርም። አንተም ታውቀዋለህ።"

ፈገግ አለ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ማኅተም አንሥቶ አገላብጦ አየና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እናትሽ ሐበሻ ናቸው አሉኝ። ሐጅ ዩሱፍ ገበያ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን። ጥሩ ሴት ናቸው አሉ። ብቻ ኢቃማቸው የታደሰ አይመስለኝም። ሰሞኑን ደግሞ ወረቀት የሌላቸውን እየሰበሰቡ ነው። በዚያ ዕድሜ እስር ቤት ወለል ላይ ማደር..." አለና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "አላህ ይጠብቃቸው።"

ተነሥቶ ወጣ። ብናደድ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ፍርሃት ነው የያዘኝ። ሰውየው አልዋሸም። የእናቴ የመኖሪያ ፈቃድ በአባቴ ስም የተያዘ ስለነበር እሱ ከሞተ ወዲህ አላደሰችውም። እሷ ረስታዋለች፤ እኔም ነገ ዛሬ ስል ትቼዋለሁ። የሰው ወረቀት ስመረምር እየዋልኩ የእናቴን ወረቀት አንድ ቀን አላየሁም።

ማታ ራት ላይ ነገርኳት። ጉርሻዋን ሳታነሣ ሰማችኝ።

"ተይዋ!" አለች። "ኮሻውን አንቺ ነሽ የሞላሽው? ሌላ ሰው ይውሰደው።"

"ሌላ ሰው የለም፣ እማዬ። እኔ ካልወሰድኩት ማንም አይወስደውም።"

"ባይወሰድስ?"

"ድርጅቱ ጥሎት ይሄዳል። ማንም አይዘጋውም። እንዲሁ ሲነድ ይኖራል።"

ትሪውን አነሣች፣ ዕቃውን አጠበች፣ ጸሎቷን አድርሳ ተኛች። ሌላ ቃል አልወጣትም። እኔ ደግሞ በዚያ ዝምታዋ ውስጥ ውሳኔውን ለእኔ ጥላዋለች ብዬ ተቀየምኳት።

ሐሙስ የተቃውሞ ሰልፍ ተጠርቶ ነበር። በሰልፍ ቀን ወታደሮች ኮብሪዎቹን፣ የዓባይ ድልድዮችን፣ በኮንቴነር ይዘጋሉ፤ ስልክም ኢንተርኔትም ይጠፋል። ሳይዘጋ ወደ ኦምዱርማን ለመሻገር ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። እናቴ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማለች። ከጎኗ ሁለት ፌስታል።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ባሕሪ፣ የማኅበር እህቴ ዘንድ። ጥቂት ቀን እከርማለሁ።" ቁልፉን እጄ ላይ አደረገችው። "እኔን እዚህ ካጡኝ በምን ያስፈራሩሻል?"

"ሱቅሽስ?"

"በርበሬ አይበላሽም። ያላ፣ እንሂድ፣ ኮብሪው ሳይዘጋ።"

በአንድ ሪክሻ፣ ባጃጅ መሆኑ ነው፣ አብረን ተሳፈርን። ኮብሪው ሳንደርስ ባሕሪ ላይ ስትወርድ አልሳመችኝም፣ አልመረቀችኝም፤ ፌስታሎቿን ይዛ ዞር ሳትል ሄደች። ማታ የተቀየምኩበትን አስቤ በራሴ አፈርኩ።

ሙዲሩ የመጡት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ደብዳቤው ካስቀመጥኩበት አልተነቃነቀም። ሻይ አዘዙ። ሻዩ መጣ። ቀስ ብለው ጠጡ።

"የድርጅቱ ባለቤት የማን ዘመድ እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ፣ ያ ኡስታዝ።"

"ቤትሽ ኮሻው አጠገብ ነው። በስሜት ነው የሠራሽው ይሉሻል።"

"ይበሉ። ሦስቱ ማስጠንቀቂያዎች ላይ ያለው ፊርማ ግን የእርስዎ ነው። ነገ ዋስትናው እያለ ለምን አልጠየቃችሁም ተብሎ ሲመጣ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። እኔን የሚያውቀኝ የለም።"

እንዲህ ደፍሬ ተናግሬ አላውቅም። ፊታቸው ጠቆረ። ብዕሩን አንሥተው ለረጅም ጊዜ ያዙት። በመጨረሻ ፈረሙ፤ ማኅተሙንም ራሳቸው መቱት። "አንቺ ነሽ ያመጣሽው፤ ውሰጂው" አሉኝ፣ ሳያዩኝ።

ባንኩ ያለው ከወንዙ ማዶ፣ ካርቱም መሃል፣ ዐማራት ነው። በሌላ ቀን ከኦምዱርማን ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር፣ ዐሚ፣ አጎቴ፣ የምለው አዛውንት ሰውዬ፣ አጭሩን መንገድ ሞከረ። ኮብሪው አፍ ላይ ኮንቴነር ተደርድሯል። ዞረን ወደ ሁለተኛው ሄድን፤ እሱም ዝግ።

"ክፍት የሚሆኑት የሐልፋያና የሶባ ናቸው" አለ። "ከተማውን ሙሉ መዞር ነው፣ ልጄ።"

"እንዙር።"

በሰሜን በሐልፋያ ተሻገርን። ወረፋው ላይ አንድ ወታደር መስኮቴን አንኳኳ። "ፋይሉ ውስጥ ምንድን ነው?" አለ። "የኮሻ ወረቀት" አልኩት። አፍንጫውን ጨመደደና አሳለፈን። ከዚያ ባሕሪን አቋርጠን በሐጅ ዩሱፍ በኩል ወደ ደቡብ ወረድን። በግራችን የኮሻው ጭስ ይታይ ነበር። ዐሚ መስኮቱን ዘጋ፤ ሙቀቱ ሲያፍነን መልሶ ከፈተው። ሰዓቴን አሥሬ አያለሁ። ባንኩ በደህና ቀን የሚዘጋው ስምንት ሰዓት ነው። ሶባ ኮብሪ ላይ ከጎናችን የቆመ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ግን፣ "ዛሬ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሰባት ሰዓት ይዘጋል" አለን። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ መኪናው ደግሞ አይንቀሳቀስም። ስልኬን አወጣሁ፤ መስመር የለም። እናቴ ደህና ትሁን ትያዝ የማውቅበት መንገድ አልነበረም።

ዐማራት ስንደርስ መንገዱ በጡብና በተቃጠለ ጎማ ተዘግቷል። ከሩቅ የአስለቃሽ ጭስ ተኩስ ይሰማል። ዐሚ መኪናውን ግንብ ሥር አቆመ። "ከዚህ በእግርሽ ነው" አለኝ።

ፋይሉን ደረቴ ላይ በቶቤ፣ በላዬ በምጠመጥመው ልብስ፣ ሸፍኜ ሮጥኩ። የመንገዶቹን ቁጥር እየቆጠርኩ ነው የምሮጠው። አንዱ መታጠፊያ ላይ ወጣቶች ወደ እኔ እየሸሹ መጡ፤ ግድግዳ ተደግፌ አሳለፍኳቸው። ዓይኔ ይቃጠላል። ባንኩ ጋ ስደርስ ዘበኛው የብረቱን መዝጊያ እስከ ወገቡ አውርዶታል።

"ተዘግቷል" አለ።

አልመለስኩለትም። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ገባሁ።

ውስጥ፣ የእንግዳ ሶፋው ላይ፣ ወኪሉ ተቀምጧል። ቀኑ ሲያልቅ በዓይኑ ለማየት የመጣ ይመስለኛል። መስኮቱ ላይ አንዲት ጠና ያለች፣ ቡናማ ቶብ የለበሰች ሠራተኛ ወረቀቶቿን እየሰበሰበች ነው። ደብዳቤውንና ዋናውን ሰነድ ፊቷ አኖርኩ። ትንፋሼ ተቆራርጦ መናገር አቅቶኝ ነበር።

"እሑድ ነይ" አለችኝ። "ሥራ አስኪያጁ ወጥተዋል፤ ዐርብና ቅዳሜ ደግሞ ዝግ ነን።"

"እሑድ ዋስትናው የለም። የሚያበቃው ዛሬ ነው። ክፈሉኝ አላልኩም፣ ዛሬ መቀበላችሁን ብቻ አረጋግጡልኝ።"

ማንበብ ጀመረች። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ በጣቷ መስመር በመስመር እየተከተለች ታነባለች። ያን ጊዜ ወኪሉ ከሶፋው ሳይነሣ፣ በጣም በለዘበ ድምፅ፣ "ያ ኡስታዛ፣ እናትሽ እንዴት ዋሉ? ቤት የሉም አሉኝ" አለ።

ቤት ድረስ ሄደዋል ማለት ነው። ያንን ወረቀት ከሠራተኛዋ ፊት ነጥቄ ለመውጣት አንድ አፍታ አስቤ እንደነበር አልደብቅም።

ሴትዮዋ ንባቧን አቁማ ቀና አለች። እኔን አየች፣ እሱን አየች። ምን እንደገባት አላውቅም፤ ግን የሆነ ነገር ገብቷታል።

"አንተ፣ እዚህ ባንክ ጉዳይ አለህ?" አለችው።

"የለኝም፤ እየጠበቅሁ ነው።"

"ምን ትጠብቃለህ? ጉዳይ ከሌለህ ዘግተናል። ውጣ።"

ዘበኛውን ጠራችው። ሰውየው ልብሱን አስተካክሎ ወጣ። እሷ ከመሳቢያዋ ማኅተም አወጣች፤ ደብዳቤውን መታች፤ ቅጂውን መታች፤ ቀንና ሰዓት ጽፋ ፈረመች። ቅጂውን ስትሰጠኝ፣ "በፊት ለፊቱ አትውጪ" አለችኝና በጓሮ በር ሸኘችኝ።

በዚያው ቀን ወደ ባሕሪ መሻገር አልቻልኩም። ዐርብ ጠዋት መንገዱ ሲከፈት በሩጫ ሄድኩ። እናቴ የማኅበር እህቷ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። "ደረሰ?" አለችኝ። "ደረሰ" አልኳት። ያን ጊዜ ብቻ ነው አገላብጣ የሳመችኝ። እኔም እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ጎረቤቶቻችን እንደነገሩን ሐሙስ እኛ እንደወጣን፣ ኮብሪውም ስልኩም ሳይዘጋ፣ ሁለት ሰዎች መጥተው ስለ እሷ ጠይቀዋል፤ ቤቱ ተቆልፎ ሲያገኙት ሄዱ። እናቴ ሁለት ወር ባሕሪ ተደብቃ ከረመች። በዚያ መሃል ቅጣቱን ከፍለን ፈቃዷን በእኔ ስም አሳደስኩ።

ባንኩ ብዙ አመላልሶን ከፈለ። ድርጅቱ ቢጮህም ከማኅተሙ ጋር የተጻፈውን ሰዓት ማንም ሊያስተባብል አልቻለም። ኮሻው ላይ ማሽን ገባ፤ መጀመሪያ ከቤቶቹ በኩል ያለውን ጎን አፈር አለበሱት፣ ለጥቁሩ ውሃም ቦይ ተቆፈረለት። የዚያ ጎን ጭስ ጠፋ። ሙዲሩ ግን ከቁጥጥር አንሥተው መዝገብ ቤት አስገቡኝ፤ ምክንያቱን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

የምሥራቁ ጎን ሳይለብስ ጦርነቱ መጣ። ማሽኖቹ የት እንደገቡ አላውቅም። እኔና እናቴ ከብዙ ሰው ጋር በጭነት መኪና ወደ ገዳሪፍ ወጣን፤ አሁንም እዚያው ነን። ባለፈው ሰሞን ወደ ሐጅ ዩሱፍ የተመለሰች ጎረቤታችን ስትደውል ስለ ኮሻው ጠየቅኋት። ከቤቶቹ በኩል አፈሩ እንዳለ ነው፣ ሣር በቅሎበታል አለችኝ። ሌላውን ጎን ሄዳ አላየችውም።