አራስ ቤት የገባው ቦይለር

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ አንድ ፔንሲዮን አድሬ፣ ጠዋት ገላዬን እየታጠብኩ ሳለ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የጋዝ ቦይለር ጢጥ ጢጥ አለና ጠፋ። ትንሿ መስኮቱ ላይ ቀይ ፊደልና ቁጥር በራ፤ ኢ-አራት። ሳሙና እንደተቀባሁ ደርቄ ቀረሁ። ውሃው ቀዝቅዟል፣ እኔን ያንቀጠቀጠኝ ግን ያ ቁጥር ነው።

ልብሴን እንደ ነገሩ ለባብሼ ተረኛውን ጠራሁት። ቁልፎቹን እያንቃጨለ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ዘና ብሎ መጣ።

«ምንም አይደል እናቴ፣ አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል። አጥፍተው ሲያበሩት ይተወዋል» ብሎ እጁን ወደ ማብሪያው ሲዘረጋ፣ እጁን በጥፊ መታሁለት።

«ጭስ ማውጫውን ማን ነው የወተፈው?»

«የቱን ጭስ ማውጫ?»

«ና ተከተለኝ!»

በጓሮ ዞርን። እንዳልኩትም ከግድግዳው ብቅ ያለው ቱቦ አፉ በፌስታል ተጠቅልሎ በሲባጎ ታስሯል። እንግዶች ብርድ ገባብን እያሉ ስለሚያማርሩ ነው አለኝ። ብርድ! ይህቺን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሰውየው እብድ ናት ብሎ ይሆናል፤ ይበል። ፌስታሉን በጣጥሼ እዚያው ጭቃው ላይ ጣልኩለት።

ነገሩ የጀመረው ከብዙ ዓመት በፊት፣ እህቴ አራስ ሳለች ነው፤ ያኔ ሃያዎቹን የጀመርኩ ነበርኩ። ትምህርቴን ጨርሼ ቁይ፣ ወላጆቼ ቤት ሥራ እጠብቃለሁ። ታላቅ እህቴ ይታይሽ ማርቆስ ላይ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች ተባለና፣ እናቴን ጉልበቷ ስለያዛት እኔ እህቴን ላርስ ተላክሁ። ቅቤና የገብስ ዱቄት አሸክማ ሚኒባስ ላይ ሰቀለችኝ። ሐምሌ ነው፤ መንገዱ ማጥ ብቻ። ውስጡ ርጥብ ጋቢ፣ ቅቤ፣ የታሰረ ዶሮ፣ የሰው ትንፋሽ። መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም። ትንሽ ከፈት ባደርገው መኪናው በሙሉ ተነሳብኝ። «ዝጊው ልጅት! ብርድ ልታስመቺን ነው?» አለችኝ ዶሮ ያቀፈችው ሴትዮ። ዘጋሁት። አገሬው በነፋስ ከመመታት በሰው ትንፋሽ መታፈንን ይመርጣል። ዛሬም ያው ነው፤ ፈቀቅ አላለም።

የእህቴን ቤት የሚገዙት አማቷ እትዬ ጥሩወርቅ ነበሩ። ቀጭን፣ አፈ ስል፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ የጸዳ። ከደጅ ስገባ ገና ሰላም ሳይሉኝ «ጫማሽን አውልቂ፣ በሩን ዝጊ» አሉኝ። የአራሷ ክፍል መስኮት ላይ ጋቢ በምስማር ተመትቷል። የበሩ ስር በጨርቅ ተጠቅጥቋል። ከትራሷ ስር ቢላዋ አለ፤ አራስ ብረት ከአጠገቧ መለየት የለበትም፣ ክፉ መንፈስ ይጠጋታል ይባላል። ይታይሽ ከዚያ ሁሉ መሃል እንደ ጥጥ ነጥታ ሳቀችልኝ።

ገንፎውን የሚያገነፉት እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸው ናቸው። መሃሉን ጎድጎድ አድርገው ቅቤውን በበርበሬ ለውሰው ሲያፈሱበት፣ እውነቱን ልናገር፣ ምራቅ ያስውጣል። የሚጠሉት ሰው እጅ ሲጣፍጥ እንዴት ያናድዳል! እየበላሁ እረግማቸው ነበር።

ቦይለሩን ከአዲስ አበባ ያስመጣው የእህቴ ባል ጋሼ ምንይችል ነው። ጫማ ነጋዴ ነው፤ አዲስ ዕቃ ሲያይ ዓይኑ ይቅበዘበዛል። ክረምት መብራት እየጠፋ ስላስቸገረ፣ አራሷ ሙቅ ውሃ እንዳይጎድልባት ብሎ ነው፤ አሳቡ መጥፎ አልነበረም። እትዬ ጥሩወርቅም ወደውታል። «ከሰል አራስ ቤት አይገባም፣ ስንቱን አፍኖ ጨርሷል። ይኼ ጭስ የለው፣ ጥቀርሻ የለው» ይሉ ነበር። ከሰል እንደሚገድል ያውቃሉ፤ እዚህ ላይ ሐቅ አላቸው። ያላወቁት የጋዙም እሳት ጭስ እንዳለው ነው። አይታይም፣ አይሸትም፣ ግን አለ፤ ቱቦውም የተበጀው እሱን በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ጓሮ እንዲያስወጣ ነው። ቦይለሩ የተሰቀለው መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር ደግሞ በቀጥታ አራሷ ክፍል ውስጥ ይከፈታል።

መጀመሪያ ሰሞን ጥሩ ሠራ። አንድ ጊዜ ኢ-አንድ ብሎ ቆመ፤ ሲሊንደሩ አልቆ ኖሮ ሲቀየር ተነሳ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ዝናብና ነፋስ ሆነ፣ ቱቦውም ማፏጨት ጀመረ። ፉጨቱ ባንድ ቀን ቀጥ ሲል እኔ ነፋሱ ቆመ ብዬ ነበር። በማግስቱ ቦይለሩ ኢ-አራት አለ።

ጋሼ ምንይችል አጠፋ፣ አበራ። በራ፣ ጠፋ። ሲሊንደሩን ቀየረ፤ ኢ-አራት። በቡጢ መታው፤ ኢ-አራት።

«ጋሼ፣ ጋዝ ሲያልቅ የሚለው ኢ-አንድ ነው። ይኼ ሌላ ነገር ነው የሚናገረው» አልኩት። ከጎኑ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ጽሑፉ ቻይንኛ ቢሆንም ሥዕሉ ይገባል። ከኢ-አንድ አጠገብ ሲሊንደር፣ ከኢ-አራት አጠገብ የተዘጋ ቱቦ ተስሏል። ለሌላ ፋብሪካ ቁጥሩ ሌላ ትርጉም ይኖረው ይሆናል፤ ለዚህኛው ግን ይኸው፣ ሕፃን የሚያነበው ሥዕል። የትኛው ቱቦ እንደሆነ እኔም ገና ባላውቅም፣ በጣቴ አሳየሁት።

«አንቺ አራስሽን እረሺ» አለኝ። «የፋብሪካ ዕቃ ልታስተምሪኝ ነው?»

እትዬ ጥሩወርቅም ከበሩ ላይ «ሰው ቤት መጥቶ ሁሉን አውቃለሁ ማለት ደግ አይደለም» ሲሉ ጨመሩበት። ኋላ እንደደረስኩበት፣ ብርድ ያስገባል ብለው ቱቦውን ያስወተፉት ራሳቸው ናቸው፤ አፋቸውን ሞልተው!

ጋሼ ምንይችል አንድ መብራት ሠሪ ጓደኛውን ይዞ መጣ። ሰውየው ክዳኑን ፈታ፣ ሁለት ሽቦ ቆርጦ እርስ በርሱ አገናኘና ሻይ ጠጥቶ ሄደ። የጭሱን መውጫ የሚጠብቀውን ዘበኛ ነው ያሰናበተው። ቁጥሩ ጠፋ፣ ውሃው ሞቀ። «ዳነ!» ተባለ። ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። አንድ ነገር ሲጮህ የጮኸበትን ከመጠየቅ አፉን ማፈን፣ ይኼ ጠባይ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲያ ይታይሽ ከታጠበች ቁጥር ራሷን ይፈልጣት ጀመር። ገንፎው አስጠላት፣ ያቅለሸልሻታል። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ታሸላት። ብርድ የሚገባበት ቀዳዳ አልቀረ እንደሁ ተብሎ ክፍሉ እንደ አዲስ ተፈተሸ፣ ተጠቀጠቀ። እኔም ሐኪም ቤት እንውሰዳት ብል «አራስ በዚህ ዝናብ?» ብለው ሊበሉኝ ደረሱ።

አንድ ረፋድ ፀሐይ ብልጭ ስትል የሕፃኗን ጨርቆች ላሰጣ ጓሮ ወጣሁ። ቀና ስል የቱቦውን አፍ አየሁት። አሮጌ ጋቢ እስከ ጥግ ድረስ ተሰግስጎበት፣ ላዩ በገመድ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። ከውስጥ ደግሞ ውሃ ይንሿሿል፤ እህቴ እየታጠበች ነው፤ ሕፃኗን ሳሎን አስተኝተናታል። የዚያን ጊዜ ሥዕሉም፣ ራስ ምታቱም፣ የሽቦው መቆረጥም ባንዴ ገባኝ። ጨርቁን ጎተትኩ፣ እምቢ አለ። እዚያው ጓሮ ከጣሪያው ጠርዝ ስር የቆመውን የጋዝ ሲሊንደር ጠምዝዤ ዘጋሁና ሮጥኩ።

እትዬ ጥሩወርቅ ክፍሉ ውስጥ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። «እየታጠበች ነው፣ በሩን አትክፈቺ! ብርድ ይመታታል!»

«እትዬ፣ ይልቀቁኝ!»

አልለቀቁኝም። ገፍትሬያቸው ገባሁ። ይታይሽ ወለሉ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ውሃው በላይዋ ይወርዳል። ዓይኗ ተከፍቷል፣ አያየኝም። «እታለም! እታለም!» ብል መልስ የለም። በብብቷ ይዤ እየጎተትኩ መስኮቱ ስር አደረስኳትና በምስማር የተመታውን ጋቢ ገነጠልኩት። መስኮቱን ስከፍተው ያ የማርቆስ ብርድ ግር ብሎ ገባ። እንዲያ ያለ ደስ የሚል ብርድ በዕድሜዬ አላየሁም።

እትዬ ጥሩወርቅ መስኮቱን ዘጉት።

ከፈትኩት። ዘጉት። እህቴ ርቃኗን እግራችን ስር ወድቃ እኔ እከፍታለሁ፣ እሳቸው ይዘጋሉ። «ልጄን ገደለችብኝ! ጎረቤት ድረሱ!» ይላሉ። የሚያለቅሱት ከልባቸው ነው፤ እሱን አልክድም። ያን ጊዜ ነው ከአፌ የወጣው።

«አንቺ ሴትዮ! እጅሽን አንሺ፣ እሰብረዋለሁ!»

ምናልባት ሰው አንቺ ካላቸው ብዙ ዘመን ሆኖታል። እጃቸውን ከመዝጊያው ላይ አወረዱ፣ መስኮቱም ክፍት ቀረ። እህቴን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አፏን ወደ ነፋሱ አቀናሁት። ብዙ ከቆየች በኋላ አስመለሳት፣ አሳላት፣ ቀጥሎ «ምን ሆኜ ነው?» አለችኝ። እዚያው ጭቅጭቁ መሃል ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ጋሼ ምንይችል በጎረቤት ጩኸት ተጠርቶ መጣ። አስረዳሁት፣ ጓሮ ወስጄ ጨርቁን አሳየሁት። ያየው አይመስለኝም። «እናቴን አንቺ ብለሻል፣ አራስ ላይ መስኮት ከፍተሻል። ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ» አለኝ። በቃ። ከእህቴ ሞት የእናቱ አንቺታ በልጦበት!

እወጣለሁ፣ አልኩ። ግን እኔ ስወጣ ያቺን ሲሊንደር መልሰው እንደሚከፍቷት አውቃለሁ። ስለዚህ እህቴን ስስም እጄን ከትራሷ ስር ከትቼ ያንን ቢላዋ መዘዝኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ጆሯቸውን ይዘው ጮኹ፤ ብረቱን ከአራስ ስር! ጓሮ ወጥቼ የጋዙን ጎማ ከሲሊንደሩ እስከ ግድግዳው ሸረካከትኩት። እህቴን ከክፉ ይጠብቃል የተባለው ቢላዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን ሠራ። መልሼ ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩላቸውና ዝናቡ እየጀመረ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

የዚያ ዓይነት ጎማ ማርቆስ አልተገኘም። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ውሃ ጓሮ በእንጨት እየሞቀ ሰነበተ፣ የእህቴም ራስ ምታት ለቀቃት። ሰፈሩ ዳማከሴው ፍቱን ነው አለ።

ፔንሲዮኑ ውስጥ ያደርኩት ለዚህ ነው፤ እህቴ ቤት እበላለሁ፣ አላድርም። እትዬ ጥሩወርቅ አርፈዋል። ነፍስ ይማር እላለሁ፤ ሰው ሲሰማኝ። ከፔንሲዮኑ ወጥቼ እዚያ ስደርስ፣ ያኔ ሕፃን የነበረችው ልጅ አድጋ ምሳ አቀረበችልን። መስኮቱ እንደ ድሮው ተዘግቷል። ይታይሽ ከወንበሯ ልትነሳ ስትል ወገቧን ይዛ አቃሰተች።

«ይኼ ወገብ እኮ ያንቺ ሥራ ነው» አለችኝ፣ በየዓመቱ እንደምትለኝ። «አራስ ሆኜ ያን መስኮት ባትከፍቺብኝ ይኼ ሁሉ ብርድ አጥንቴ አይገባም ነበር።»

ድሮ እከራከራት ነበር። አሁን ግን ክንዷን ይዤ አስነሳኋት።

«እሰይ!» አልኳት። «እያመመሽ ኑሪልኝ!»