በሰው አፍ የመጣ ሥራ

የባለቤቴ አገር ሲማዳ፣ ወገዳ ከተማ ስገባ የሚያውቁኝ ባለቤቴና የባለቤቴ ዘመዶች ብቻ ነበሩ። አናጢነትን የተማርኩት እስቴ ነው። እዚያ የማንን ጣሪያ እንደመታሁ፣ የማንን በር እንደገጠምኩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሲማዳ ግን ባዕድ ሆንኩ። ከገበያው ዳር አንዲት የቆርቆሮ ዳስ ተከራይቼ፣ መጋዜንና መላጊያዬን ደርድሬ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ይባል እንጂ መቀመጥስ አልቻልኩም። ስልኬን አወጣለሁ፣ መልሼ እከታለሁ። ሰው ባለፈ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ቁጥሬን በወረቀት ጽፌ በየመብራት ምሰሶው ለጠፍኩ፤ ዝናብ አጠበው። በገበያ ቀን ሰዉ መሐል እየገባሁ "በር የሚያሠራ አለ?" ስል ከላይ እስከ ታች አይተውኝ ያልፋሉ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ቆም ብለው፣

"የማንን ቤት ሠርተሃል?" አሉኝ።

የእስቴ ደንበኞቼን ስም ደረደርኩላቸው።

"እነሱን እኔ በየት አውቃቸዋለሁ?" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ብነግራት ሳቀች። "ሰው ወረቀት አይቶ ቤቱን አያስነካም። ለአንድ ሰው ሥራለት፣ ከዚያ ለሌላው እንዲነግርልህ ጠይቀው።"

"ሥራ ፈልጉልኝ ብዬ ልለምን?"

"ምን አለበት? አፍ አለህ አይደል?"

ያ አንድ ሰው የተገኘውም በእሷ በኩል ነው። ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ርቀው የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው የአክስቷ ጎረቤት ነበሩ። የሣር ክዳናቸውን አስነሥተው ቆርቆሮ ሊያስመቱ ፈልገዋል። ሄድኩ። ያን ጣሪያ የመታሁትን ያህል ተጠንቅቄ የመታሁት ጣሪያ የለም። ውሃ እንዳያሳልፍ ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪያ ጎማ እየቆረጥኩ በየምስማሩ አንገት አስገባሁ። ጨርሼ ስወርድ የባለቤቴ ነገር ትዝ አለኝና፣ እያፈርኩ፣

"እናቴ፣ ሥራዬን ከወደዱት ለሰው ይንገሩልኝ" አልኳቸው።

ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩት። "እስቲ ዝናቡ ይምጣ" አሉ።

ዝናቡ እስኪመጣ እንቅልፍ አጣሁ። በሰኔ መጀመሪያ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ ጭቃውን እየረገጥኩ ወደ እርሳቸው ሄድኩ። ከአናቱ አካባቢ አንድ ቦታ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ወጥቼ ደፈንኩት። ሴትዮዋ ከታች ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና፣ "እኔ እኮ እንዴት ብዬ ላስጠራህ እያልኩ ነበር" አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላየሁትም፤ የሰማሁት በስልክ ነው። በማኅበሩ፣ በእድሩ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አውርተውልኛል። "የእሳቸውን ጣሪያ የመታኸው አንተ ነህ?" እያለ የሚደውል በዛ። የማንን ቤት ሠርተሃል ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ዋጋ ላይ እንኳ ብዙ አይከራከሩም። የእሳቸው ቃል ቀድሞኝ ይደርስ ነበር። እኔም ለመጣልኝ ሥራ ሁሉ እሺ፣ እሺ ማለት ጀመርኩ። እምቢ ያልኩ ዕለት ስልኩ ዳግመኛ የማይጮኽ ይመስለኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ የሴትዮዋ ታላቅ ወንድም ደወሉ። ለጥር ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ሠርገኛ ለሚቀበሉበት አዲስ ቤታቸው የሚሆን ባለሁለት ተካፋች በር ፈለጉ። እጄ ላይ ሌላ ሦስት ሥራ ነበር። የደረቀ ጣውላ አላገኘሁም። ያገኘሁት በቅርብ የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ ነው፤ ስዳስሰው ገና እርጥብ ነበር። አወቅሁት። አውቄ ሠራሁት። ቀለም ቀብቼ ስገጥመው ያምር ነበር።

በጥር መጨረሻ፣ በአንድ የገበያ ቀን ሴትዮዋ ዳሴ በር ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን አጥብቀው ለብሰዋል። በርጩማ ባቀርብላቸው አልተቀመጡም።

"በሩ ጠመመ" አሉ። "አልዘጋ አለ። በሠርጉ ቀን በገመድ አስረውት ዋሉ።"

"እናቴ፣ ዕንጨቱ..."

"የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ገመዱን እየፈቱ ነበር የሚገቡት።"

"ከሚቀጥለው ሳምንት በኋላ መጥቼ አስተካክለዋለሁ።"

"መቼ ትመጣለህ ልልህ አልመጣሁም።" ድምፃቸው ከፍ አላለም። "ወንድሜ አንተን አያውቅህም። እሱ ያመነው እኔን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ነግሬዋለሁ። ይህን እንድታውቀው ነው።"

ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር። መላጊያውን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ። ከዳሱ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራ የሚያስገኝልኝ እጄ ነው ብዬ አስብ ነበር። ለካስ ሴትዮዋ በየሰዉ ፊት የራሳቸውን ስም እያስያዙልኝ ኖረዋል።

በዚያ ሳምንት አርብ ገበያ በምትባለው የታች ጋይንት ከተማ ለአንድ የጨርቅ ነጋዴ የሱቅ መደርደሪያ ልሠራ ቃል ሰጥቼ ነበር። ትልቅ ሥራ ነበር፤ እሱ ከተደሰተ የታች ጋይንት ነጋዴ ሁሉ ይከተላል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ደወልኩለት።

"አንድ ሳምንት ታገሠኝ፤ ያበላሸሁት ሥራ አለ" አልኩት።

"እና የእኔስ?"

"አንድ ሳምንት ብቻ።"

"እንግዲህ እንዳልክ" አለና ዘጋው። ሥራውን ለሌላ እንደሰጠው በኋላ ሰማሁ።

የደረቀ ዕንጨት የነበረኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቤቴ፣ ከአልጋው ሥር። ለራሳችን ቤት በር እንዲሆን ያስቀመጥኩት የዋንዛ ጣውላ ነበር። እኔና ባለቤቴ ከመኝታ ቤቱ በር ላይ መጋረጃ ሰቅለን ነበር የምንኖረው። ጣውላውን ስስብ አየችኝ።

"የእኛን በር?"

"የእነሱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

ጎንበስ አለች። ከዚያ በሌላኛው ጫፍ ይዛ አወጣችልኝ።

በአህያ ጭኜ ስደርስ ወንድምየው ግቢው ውስጥ ነበሩ።

"ማን ጠራህ?" አሉኝ።

"ማንም አልጠራኝም አባቴ። በሩን ልቀይር ነው።"

"ሠርጉ አልፏል።"

"አውቃለሁ።"

ፊታቸውን አዙረው ወደ በረቱ ሄዱ። ሁለት ቀን ሠራሁ። ምሳ ያቀረቡልኝ ሚስታቸው ናቸው፤ ሚስትየዋም ሰሐኑን ከአጠገቤ አስቀምጠው ነበር የሚሄዱት። የጠመመውን በር ሳወርደው ገመዱ ያሸው ቦታ ቀለሙ ተልጦ አየሁ። ዓይኔን ለማንሣት አፈርኩ። ውሃ ልኩን በየማዕዘኑ እየደጋገምኩ አስቀምጥ ነበር፤ ልክ መሆኑን እያወቅሁ እንደገና እለካለሁ።

ስጨርስ ሰውየው መጡ። ከፈቱት፣ ዘጉት። መቀርቀሪያውን ወረወሩት። በመዳፋቸው ገፉት። ወደ ውስጥ ገቡ። እስከ ዛሬም ያመሰገኑኝ ነገር የለም፤ ለማንም ሰው ስሜን አንሥተው እንደማያውቁ አውቃለሁ።

ስመለስ በሴትዮዋ ደጅ አለፍኩ። ይቅር ብዬሃለሁ እንዲሉኝ ጓጉቼ ነበር። እርሳቸው ግን ጠላ ቀድተው ሰጡኝና፣

"ከእንግዲህ ቁጥርህን ለሰው ከመስጠቴ በፊት ለአንተ እደውላለሁ" አሉ። "የደረቀ ዕንጨት አለህ ወይ ብዬ እጠይቅሃለሁ። ከሌለህ የለኝም ትለኛለህ።"

"እሺ እናቴ።"

"እንዳትዋሸኝ።"

በእውነትም ይደውላሉ። ኔትወርክ በሚኖርበት ቀን ጠዋት ጠዋት ስልኬ ይጮኻል፤ "ዕንጨት አለህ?" ይላሉ፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ጊዜ የለኝም ብያቸዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሥራው የሚያመልጠኝ መስሎኝ ነበር፤ ሰዎቹ ግን ጠበቁ። ሥራ ጨርሼ ስወጣም አሁን ሳላፍር እናገራለሁ፦ ከወደዱት ለሰው ይንገሩ፣ ካልወደዱት ለእኔ ይንገሩኝ። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ደግሞ ሳልጠራ እሄዳለሁ።

ከሁሉ የገረመኝ በገመድ የታሰረውን በር ካዩት የሠርጉ እንግዶች አንዱ፣ ከጋይንት የመጣ ገበሬ፣ ቤት ልትሠራልኝ ትችላለህ ወይ ብሎ መደወሉ ነው። "ያን በር አይተህ?" አልኩት። "ያንንም አይቻለሁ፤ የተቀየረውንም ሄጄ አየሁ" አለኝ። ቋሚና ማገሩን አቆምኩለት፣ ጣሪያውን መታሁለት። ባለፈው ዓመት ደግሞ ለእህል ማስቀመጫ የድንጋይ ቤት ሊሠራ አስቦ፣

"ጥሩ ግንበኛ ታውቃለህ? አንተ ካልከኝ እወስደዋለሁ" አለኝ።

አንድ ግንበኛ አውቃለሁ። አብረን ሠርተናል፤ እጁ ጥሩ ነው፤ ሥራ በዝቶበት ሲጣደፍ ግን እንዴት እንደሚሠራ አላየሁም። ወዲያው ቁጥሩን ልሰጥ አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

"እስከ አርብ ጊዜ ስጠኝ" አልኩት።

አርብ ዕለት አርብ ገበያ ወጥቼ ግንበኛው ከዓመት በፊት የሠራውን ግንብ ፈልጌ አገኘሁ። ማዕዘኑን በዓይኔ ለካሁት፣ መጋጠሚያውን በጣቴ ዳሰስኩት። የቤቱ ባለቤት ወጥታ "ምን ፈልገህ ነው?" ብትለኝ፣ ክረምቱን እንዴት እንዳለፈ ጠየቅኋት። አልተሰነጠቀም አለች፤ አንድ ቦታ ሲላቀቅ ራሱ መጥቶ እንደሞላውም ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ነው ቁጥሩን ለገበሬው የላክሁት።

ላክሁት እንጂ አላረፍኩም። ሥራው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን መጋዝና መዶሻዬን በትከሻዬ አንግቤ በዚያ በኩል አለፍኩ። መሠረቱ ወጥቷል፤ ክሩ ከጥግ እስከ ጥግ ተወጥሯል። ግንበኛው ጭቃ የነካው እጁን በሱሪው እየጠረገ ቀና አለ።

"ምን ልታይ መጣህ?"

"መንገዴ ነው" አልኩት።

መንገዴ አልነበረም። ጎንበስ ብዬ ድንጋዩ ከክሩ ጋር መግጠሙን አየሁ፤ ከዚያ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።